ደለሉ ከላይ ቡናማ፣ ከታች ጥቁር የሆነው ለምንድን ነው?

ብልቃጥ
ሰላም ወገኖች። ከሐይቅ ዳር ያመጣሁትን ደለል በመስታወት ብልቃጥ አድርጌ እያየሁት ነው። ላዩ ላይ ስስ ቡናማ ሽፋን አለ። ከሱ በታች ድፍን ጥቁር ነው። በእንጨት ነካ ሳደርገው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሰነፈጠኝ። ታች ያሉት ባክቴሪያዎች ያለ አየር እንዴት ይኖራሉ? ወይስ ሞተው ነው የሚሸተው?

ሐይቅ ዳር
ኧረ ምንም አልሞቱም! የሸተተህ ትንፋሻቸው ነው።

ኦክስጅን ውኃ በጠገበ ደለል ውስጥ የሚሰርገው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ቶሎ ይጨርሱታል። ምግብ በበዛበት ደለል ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ቡናማው ቀለም ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ብረት ነው፤ ዝገት በለው። ከዚያ በታች ያለው ባክቴሪያ በኦክስጅን ፈንታ ባገኘው ነገር ይተነፍሳል፦ ናይትሬት፣ ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ ከዚያም ሰልፌት። ሰልፌት የሚተነፍሱት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣሉ። ሽታው እሱ ነው። ከብረት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ደለሉን ያጠቁረዋል። ሰልፌቱም ሲያልቅ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የሚሠሩት አርኬያዎች (ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን ሌላ ዘር የሆኑ ደቂቅ ፍጥረታት) ተራውን ይረከባሉ። ጋዝ ስለሚጠራቀም ክዳኑን ግጥም አድርገህ አትዝጋው። አፍንጫህንም አታስጠጋ፣ ሰልፋይድ መርዝ ነው።

ረቂቅ
ሐይቅ ዳር በደንብ አስረድቶታል። እኔ የምጨምረው በጣም የምወዳቸውን ሁለት የደለል ባክቴሪያዎች ነው። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፦ ምግባቸው ሰልፋይዱ ታች፣ ኦክስጅኑ ላይ።

አንደኛዋ ቲዮማርጋሪታ ናሚቢየንሲስ ናት። በናሚቢያ ጠረፍ ደለል ውስጥ ተገኝታ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ሆነች። ትልልቆቹ እስከ 0.75 ሚሊሜትር ስለሚደርሱ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ሰውነቷን የሞላው ናይትሬት ያዘለ ከረጢት ነው። ናይትሬት ያለው ውኃ ሲደርሳት ትሰንቃለች፤ ሰልፋይድ ውስጥ ስትቀበር ስንቋን እየተነፈሰች ትቆያለች።

ሁለተኛዎቹ ኬብል ባክቴሪያዎች ናቸው። በዴንማርክ የኦርሁስ ባሕረ ሰላጤ ደለል ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆኑ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች በአንድ መስመር ተያይዘው ሴንቲሜትሮች ይረዝማሉ። የታችኞቹ ከሰልፋይድ ኤሌክትሮን ይወስዳሉ። ኤሌክትሮኑ በሰንሰለቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ላይ ያሉት ለኦክስጅን ያስረክቡታል። ታች ያለው ሴል ኦክስጅን ሳይነካው፣ ኦክስጅን የሚያስገኘውን ጉልበት ያገኛል ማለት ነው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል!

ብልቃጥ
ቆይ፣ ኤሌክትሪኩ በእውነት በሰንሰለቱ ውስጥ እንደሚሄድ በምን ታወቀ?

ረቂቅ
ጎሽ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ተመራማሪዎቹ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ወስደው ደለሉን ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብለው አግድም ቆረጡት። ላይ ያለው የኦክስጅን ፍጆታ ወዲያው ቀነሰ። በውኃ ውስጥ የሚሰርግ ኬሚካል ቢሆን ኖሮ የሽቦ ቁርጥ አያግደውም ነበር።

እነዚህ ፍጥረቶች በሐይቅና በወንዝ ደለልም አሉ። ብልቃጡን አትበጥብጠው። በቡናማውና በጥቁሩ መካከል ገርጣ ያለ ንጣፍ እየሰፋ ከመጣ እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን።