«ሃፒ» ሁሌ ደስታ ነው እንዴ?

የሳቢያኑ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬ ላይ ቡና ላኪ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ከውጭ ገዢዎች ጋር የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የ«ሃፒ» ነገር እያከራከረን ነው። የሐረር ቡና ናሙና ልከን «ዊ አር ኖት ኢንታየርሊ ሃፒ ዊዝ ዘ ሳምፕል» የሚል መልስ መጣ። አለቃዬ «ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፣ ይረሱታል» ብሎ ሻዩን መጠጣት ቀጠለ። እኔ ግን ነገሩ አላማረኝም። በዚያው ሰሞን ጭነቱ የዘገየበት ሌላ ገዢ «ዊ አር ሃፒ ቱ ዌት» ብሎ ጻፈ። ሲያስጠብቁት ደስ የሚለው ሰው አለ እንዴ አቦ? እያሾፈ ነው? «ግላድ»ስ በምን ይለያል?

የመጋላ ልጅ፦ አለቃህ ሻዩን ቶሎ ይጨርስ። ያ ገዢ ሊያመልጣችሁ ነው።

መምህር ከሐረር፦ የመጋላው ልጅ ልክ ነው። «ኖት ሃፒ ዊዝ» ሥራ ላይ ሲመጣ ቅሬታ ነው። «ኢንታየርሊ» (ሙሉ በሙሉ) የገባችው ለጨዋነት ነው እንጂ ቅሬታውን አታሳንሰውም፤ በተለይ የጻፈው እንግሊዛዊ ከሆነ። «ናሙናው አልሆነልንም» ብለህ አንብበው።

ሁለተኛው አላሾፈም። «ሃፒ ቱ» ፈቃደኝነት ነው። እኛስ «ደስ እያለኝ እሸኝሃለሁ» እንል የለ? መሸኘቱ ራሱ አስፈንድቆን አይደለም።

ቃሉ ሲጀመርም ስለ ስሜት አልነበረም። «ሃፕ» ዕድል ወይም አጋጣሚ ማለት ነው፤ ከጥንቱ የኖርዲክ ቋንቋ የመጣ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን «ሃፒ» የተባለው ዕድል የቀናው ሰው ነበር። «ሃፐን» (መከሰት)፣ «ፐርሃፕስ» (ምናልባት) እና «ሚስሃፕ» (ክፉ አጋጣሚ) የዚሁ ዘሮች ናቸው። ዛሬም «ኤ ሃፒ ኮኢንሲደንስ» ሲሉ ጥሩ ግጥምጥሞሽ ማለታቸው ነው።

«ግላድ» አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ለተወሰነ ነገር ነው፦ «ግላድ ዩ ኬም»፣ እንኳን መጣህ። «ኤ ሃፒ ቻይልድ» ይባላል፣ «ኤ ግላድ ቻይልድ» ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። ተማሪዎቼ ይህቺን በየፈተናው ይስቷታል፤ እኔም በየፈተናው አመጣታለሁ።

ከከዚራ፦ ሆቴል ነው የምሠራው። አንድ የሰፈሬ ሽማግሌ በር ላይ «ሃፒ አወር» የሚለውን አንብበው «ልጄ፣ ከሰዓቱ ውጭ መሳቅ ክልክል ነው?» አሉኝ። መጠጥ የሚረክስበት ሰዓት ነው ብላቸው «ታዲያ እንደዚያ ብላችሁ አትጽፉም!» ብለው ሄዱ። በነገራችን ላይ ጓደኛህ ቪዛ ሲመታለት «ሃፒ ዊዝ ዩ» እንዳትለው። «ሃፒ ፎር ዩ» ነው፤ «ዊዝ» ካልክ በሥራው የረካህ አለቃ ትመስላለህ።

የሳቢያኑ፦ ኑሩልኝ! አለቃዬን አስነበብኩት፣ ሻዩን አስቀመጠ። አሁን ለገዢው ምን ብለን እንመልስ?

መምህር ከሐረር፦ መጀመሪያ ያልወደዱት ምኑን እንደሆነ ጠይቁ፤ ጣዕሙን ነው የፍሬውን መጠን? ከዚያ «ዊ ዉድ ቢ ሃፒ ቱ ሴንድ አናዘር ሳምፕል» በሉ። ግን ከሌላ ጆንያ ቅዱ።