እናቴን በነፃ የት ላዙራት? (ዲሲ አካባቢ፣ መኪና የለኝም)

ዊተኗ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ናችሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ ዊተን፣ ሜሪላንድ እኔ ጋ ከመጣች ወር ሊሞላት ነው። እኔ ሁለት ስራ ላይ ነኝ፣ ሬንት ደሞ ጨምረውብናል፣ እሷ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ቁጭ ብላ በመስኮት ፓርኪንጉ ላይ የቆሙትን መኪናዎች ትቆጥራለች። ማታ ስገባ "ያቺ ቀይዋ ዛሬ አልወጣችም፣ ሰውየው አሞት ይሆን እንዴ?" ትለኛለች። እረፍቴ ማክሰኞና እሁድ ከሰዓት ነው። ላውጣት ብል ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ የሚከፈልበት ነገር አይዋጥላትም፣ ሁሉንም ወደ ብር ትመነዝረዋለች። ባለፈው ቡና ልጋብዛት ወስጃት 6 ዶላር መሆኑን ስታውቅ "900 ብር ለአንድ ኩባያ! ኪሎ ሊገዛ ትንሽ ነው እኮ የቀረው" ብላ ቡናው እዛው ፊቷ ቀዘቀዘ። ስለዚህ የምፈልገው በሩ ላይ ምንም የማይጠየቅበት፣ እሷም የማትመነዝረው ቦታ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ አትሄድም፣ ኤስካሌተር ትፈራለች፣ መኪና የለኝም። በናታችሁ ጠቁሙኝ።

ሹፌሩ፦
እህቴ መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ፓርኪንጉን ነው። የዲሲ ከተማ ሚተር እሁድ አይከፈልም፣ ሰው ይሄን ብቻ ይሰማና ናሽናል ሞል (ሙዚየሞቹና ሐውልቶቹ ያሉበት ሜዳ) ዙሪያ አቁሞ ይሄዳል፣ እዛ ያለው ግን የከተማው ሳይሆን የፓርክ ሰርቪስ ሚተር ነው፣ እሁድም በዓልም ይከፈላል። ስንቱ ሐበሻ ተቀጥቶበታል። ዙ (የእንስሳቱ ቦታ) መግቢያው ነፃ ነው ተብሎ ትሄጂና ለመኪናሽ 30 ዶላር ይሉሻል። ደለስ (Dulles) ኤርፖርት አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ሙዚየምም እንደዛው፣ መግቢያው ነፃ ፓርኪንጉ 15 ዶላር፣ ግን ከሰዓት በፈረንጅ ከ4 በኋላ ከገባሽ አትጠየቂም። እዚህ አገር ነፃ ካሉሽ መኪናሽን የት እንደምታቆሚ ጠይቂ።

ዊተኗ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን መኪና የለኝም ብያለሁ እኮ ሃሃ

ሹፌሩ፦
ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ነርሷ፦
የኔ እህት አይዞሽ፣ እኔ አማቴን ሶስት ወር ሙሉ በነፃ ነው ያዞርኳቸው። ዲሲ ያሉት ስሚዝሶኒያን የሚባሉት የመንግስት ሙዚየሞች በሙሉ ነፃ ናቸው። አብዛኞቹ ትኬትም የላቸውም፣ ቦርሳ ፈትሸው ያስገቡሻል። የጥቁር አሜሪካውያኑ ሙዚየም ግን ቀድመሽ ኦንላይን ሰዓት መያዝ አለብሽ፣ እሱም ነፃ ነው። በኔ ምክር በኔቹራል ሂስትሪ (የተፈጥሮ ታሪክ) ሙዚየም ጀምሩ። ከዊተን ሬድ ላይን ትይዣለሽ፣ ሜትሮ ሴንተር ትቀይሪያለሽ፣ ፌደራል ትራያንግል አንድ ፌርማታ ነው፣ ከዛ ትንሽ ነው የእግሩ መንገድ። ኤስካሌተሩን እርሺው፣ ሁሉም ጣቢያ ሊፍት አለው። የዊተኑ ኤስካሌተር 70 ሜትር ነው፣ እኔ ራሴ ስወርድበት ሆዴ ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸውማ አይፈረድባቸውም። እናትሽ 65 ካለፉ የሲኒየር ካርድ አውጪላቸው፣ በግማሽ ዋጋ ነው የሚሄዱት።

ሌላው ሰው የማያውቀው፣ ሙዚየሞቹ ዊልቸር በነፃ ያውሳሉ፣ መግቢያው ላይ ያለውን ዴስክ ጠይቂ። አማቴ "ምን ሆንኩ ብዬ ነው እዚህ ላይ የምቀመጠው፣ አገር ያየኛል" አሉ። እኔ ምን አደረግኩ፣ ቦርሳቸውንና ነጠላቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ባዶውን እየገፋሁ ሄድኩ። ዳይኖሰሮቹ ጋ ስንደርስ ቦርሳውን አንስተው ራሳቸው ተቀመጡ። ፎቅ ላይ ደሞ ያ ተስፋ የሚሉት ሰማያዊ አልማዝ አለ፣ 45 ካራት ተኩል። የሰው ዘር አመጣጥ የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ የኛዋ ድንቅነሽ በቅጂ አለች፣ አማቴ "ይቺማ አምስት ኪሎ አይደለች እንዴ፣ ደሞ እዚህ ምን ትሰራለች" ሲሉ አጠገባችን የነበረ ሐበሻ ቤተሰብ በሳቅ ሞተ። እውነታቸውን ነው፣ በ1974 ሐዳር የተገኘው ዋናው አጥንት አዲስ አበባ ነው ያለው። ምግብ ይዘሽ ሂጂ፣ ካፌው ያስመነዝራል። ውስጥ መብላት ስለማይቻል ወጥታችሁ ሳሩ ላይ ብሉ።

ሹፌሩ፦
በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግስት ሲዘጋ ግን ሙዚየሞቹም ይዘጋሉ፣ ዜና ሳትሰሚ እንዳትወጪ።

አሌክሳንድሪያ ነኝ፦
እኛ ጋ የከተማው አውቶቡስ ዳሽ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው። ኦልድ ታውን ወርዳችሁ ወንዙ ዳር ቁጭ ብትሉ ማንም ምንም አይላችሁም። ሬገን ኤርፖርት አጠገብ ያለው ፓርክ ግሬቭሊ ፖይንት ደሞ አውሮፕላኑ በጭንቅላትሽ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ልጆቼ እዛ ሳር ላይ ተኝተው ይጮሃሉ።

ዊተኗ፦
ደስ ይላል ግን ከዊተን አሌክሳንድሪያ የት እና የት፣ ማክሰኞና እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው ያለኝ።

አዲስ ገቢ፦
እኔም ዊተን ነኝ። ራይድ ኦን አውቶቡስ ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ሆኗል፣ ካርድም አትነኪም ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ። እዛው ዊተን ብሩክሳይድ ጋርደንስ የሚባል የአበባ ቦታ አለ፣ ቀን መግቢያው ነፃ ነው፣ አግዳሚ ወንበር በየቦታው አለ ለጉልበት ጥሩ ነው፣ የመስታወት ቤቱ ውስጥ ሙዝና ቡና ሁሉ አይቻለሁ። ገና አካባቢ ማታ ማታ መብራቱን ለማየት ግን ይከፈላል።

ዊተኗ፦
አውቶቡሱ ስንት ቁጥር ነው? እሁድ ይሰራል?

አዲስ ገቢ፦
እኔ በእግሬ ነው የምሄደው።

ጋሽ ታ፦
ልጆች፣ ዲሲ ሊንከን መታሰቢያ ድረስ ከሄዳችሁ አይቀር አጠገቡ ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሳታዩ እንዳትመለሱ። በ1995 ነው የተከፈተው፣ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ዝናብ ልብስ የለበሱ 19 የብረት ወታደሮች ሜዳ ላይ ሲጓዙ ታያላችሁ። ሰው ሁሉ እነሱን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። በመንገዱ ጠርዝ ድንጋዩ ላይ የዘመቱት 22 አገሮች ስም ተቀርጿል፣ መሬት ላይ ስለሆነ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምታነቡት፣ ኢትዮጵያ አለች። አባቴ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጫማዬን ለማሰር የጎነበስኩ መስዬ ብዙ ቆየሁ። ኋላ በ2022 የጨመሩት የስም ግድግዳ ግን የአሜሪካኖቹና ከነሱ ስር የተሰለፉት ኮሪያውያን ነው፣ የኛዎቹ ሙታን ስም እዛ የለም። በዚህ ጉዳይ ማህበረሰባችን አንድም ቀን ሲሰበሰብ አላየሁም፣ ለኳስ ግን ይሰበሰባል።

እህተ ማርያም፦
ጋሽዬ እንባዬን አመጡት። የእናቴ ወንድምም ቃኘው ነበሩ፣ አሁን እዛ ሄጄ ያንን ድንጋይ ማየት አለብኝ።

የልጆች አባት፦
ዊተኗ እናትሽ ቤት ከዋሉ ለምን ሁለቱን ልጆቼን አይጠብቁልኝም? በሳምንት እከፍላለሁ፣ እሳቸውም አይሰለቹ፣ አንቺም ሬንት ይቀልሻል።

ነርሷ፦
ወንድሜ እንዲህ አይነት ነገር በአደባባይ አይጻፍም። በቱሪስት ቪዛ ተከፍሎ መስራት ክልክል ነው፣ ነገ ለሌላ ጊዜ ቪዛ ሲጠይቁ መዘዝ ነው። እህቴ፣ አይ-94 (የመግቢያ መዝገባቸው) ላይ ያለውን መውጫ ቀን ብቻ ጠብቂ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የቪዛው ቀን ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ዊተኗ፦
ቤቶች እንዴት ናችሁ። ማክሰኞ ሄድን! ቦርሳውን ዊልቸር ላይ አስቀምጬ ባዶውን ገፋሁ፣ ሰራ። አልማዙ ጋ ስትደርስ ጥበቃውን በአማርኛ "ይሄስ በብር ስንት ይሆናል?" ብላ ጠየቀችው፣ እሱም ፈገግ ብሎ "የስ ማም" አላት፣ ተግባቡ። ከዛ ውጪ አንድም ነገር አልመነዘረችም። ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ማታ የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ሙዚየሙ መሃል የቆመው ዝሆን ጋ የተነሳነውን ፎቶ ለጥፋለች። በነጋታው አጎቴ ደወለ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን አልፎላችኋል" ብሎ ጀምሮ ለቤቱ ቆርቆሮ መቀየሪያ 400 ዶላር ጠየቀኝ። አሁን ምን ልበለው?

ሹፌሩ፦
ይኸው! ለዚህ ነው ፎቶ አትለጥፉ የምለው። ነፃ ቦታ ሄደሽ በቆርቆሮ ከፈልሽ። እኔ ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ እብነበረዱ ጋ የተነሳሁትን ያየ የአክስቴ ልጅ "እዚህ ነው የምትሰራው?" አለኝ፣ ኡበር ነው የምነዳው ብለው አላመነም፣ ባጃጅ ግዛልኝ አለ። ስልካቸውን ውሰጅና ግሩፑን ሚውት አድርጊው።

ነርሷ፦
የእናት ስልክ ትውሰድ?? እሳቸው እኮ 60 ምናምን አመት የኖሩት ከነዛ ሰዎች ጋ ነው። ወር ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው አንድ ቀን ደስ አላቸው፣ ለወገናቸው ይንገሩ እንጂ። መልሱ አይ የለኝም ማለት ነው።

ሹፌሩ፦
አይ የለኝም ብለሽ ታውቂያለሽ አንቺ? እስቲ በእውነት።

ነርሷ፦
አውቃለሁ! ጣሪያ እየሰራሁ አይደለም፣ መድኃኒት ግን እልካለሁ፣ ልዩነት አለው።

አሌክሳንድሪያ ነኝ፦
እኔ ደሞ ሰዎቹንም አልፈርድባቸውም። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 100 ዶላር በባንክ 5,700 ብር ነበር፣ አሁን ወደ 15 ሺ ነው፣ እኛ በዛላቸው እንላለን፣ እነሱ ደሞ ሱቅ ሲሄዱ ዘይቱም ቆርቆሮውም አብሮ ወጥቷል። በዶላር ያው ነው የሚፈልጉት።

ሹፌሩ፦
እና የኔ ሬንት አልወጣም? እነሱ ሲያባዙ እኛም እናካፍል እንጂ። 400 ዶላር እኮ የስንት ቀን መንገድ ላይ ማደሬ ነው፣ ዝሆኑ ጋ ስትነሱ ይሄ በፎቶው አይታይም።

እህተ ማርያም፦
ወንድሜ የደከመህ ትመስላለህ እንጂ ሰው አትሳደብ። አጎት እኮ ነው።

ሹፌሩ፦
ማንን ሰደብኩ? አስነብቢኝ የቱ ጋ ነው የሰደብኩት?

ጋሽ ታ፦
ተው ልጆች። ለአጎትሽ ከእናትሽ ጋ ተነጋግረሽ መልስ ስጪ፣ ወንድማቸው ነው፣ ከኛ ይልቅ ባህሪውን እሳቸው ያውቁታል።

ዊተኗ፦
ጠይቄያት ነበር ጋሽዬ፣ "እሱ ድሮም ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ዝም በይው" አለችኝ። እኔ ግን ሲደውል ድምፁን ስሰማ እምቢ ማለት አልችልም፣ ሃምሳ እልካለሁ ብያለሁ በቃ። ሹፌሩም ነርሷም ይቅር ተባባሉ። የእሁዱን አውቶቡስ ለብቻው እጠይቃለሁ፣ እዚህ ማን ያየዋል።