የማን ፔጅ (የሊኑክስ ትእዛዞች መመሪያ ገጽ) ጽዳት፦ ቅዳሜ ከመገናኘታችን በፊት ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ቤቶች። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ያወራነው ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ። ዘንድሮ ማኅበሩ አንድ የሚታይ የጋራ ሥራ ይኑረው ተባብለናል፤ ስልጠና ስንሰጥ ስልጠና ስንወስድ ሁለት ዓመት አለፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ይዘታቸው ጥሩ ሆኖ ቅርጻቸው የተዝረከረከ የሊኑክስ ማን ፔጆች ሞልተዋል። አንዱ የትእዛዙን አማራጭ በቦልድ ይጽፋል፣ ሌላው በኢታሊክ። ሦስተኛው በስፔስ እየገፋ ሠንጠረዥ ሠርቷል፤ መስኮቱን ጠበብ ስታደርጉት እንደ ፈረሰ አጥር ይሆናል። እኛ ቃላቱን ሳንነካ ይህን እናስተካክል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «አባላት በስድስት ወር ውስጥ 200 ማን ፔጅ አጽድተው ለየፕሮጀክቱ ባለቤቶች ይልካሉ።» በሉ ቀጥቅጡት።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦
እኔ እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ የግል ቂም ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አንድ ሰርቨር ወድቆብኝ ከመመሪያው ላይ ትእዛዝ ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩ። እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይለኛል። ደግሜ ለጠፍኩ። አሁንም የለም። ዓይኔን አሽቼ ባየው ምንም ስህተት የለውም። ለካ ሰረዙ ሌላ ሰረዝ ነው! የገጹ ጸሐፊ ምንጩ ላይ ሰረዟን ብቻዋን አስቀምጧታል፤ ግሮፍ (ምንጩን ወደሚነበብ ገጽ የሚቀይረው ፕሮግራም) ደግሞ ብቻዋን ሲያገኛት ቃል ማያያዣዋን የዩኒኮድ ሰረዝ ያወጣል። ተርሚናሉ የሚያውቀው የአስኪውን፣ ማለትም ኪቦርድ ላይ ያለውን፣ የመቀነስ ምልክት ነው፤ እሱ እንዲወጣ ከፊቱ ባክስላሽ ያስፈልጋል። በዓይን አይለይም። በ2023 የወጣው ግሮፍ 1.23 ይህን ልዩነት ማን ፔጅ ላይም ማክበር ሲጀምር የተደበቀው ስህተት ሁሉ አደባባይ ወጣ። ጩኸቱ ሲበዛ አንዳንድ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) በራሳቸው ወደ ድሮው መለሱት። ስለዚህ ያው ገጽ አንዱ ማሽን ላይ ደህና ነው፣ ሌላው ላይ ጉድ ይሠራችኋል። ሰረዝን ብቻ ብናጸዳ እንኳ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጀማሪው፦
ይቅርታ፣ አዲስ ስለሆንኩ ነው። ለምን ሁሉንም ወደ ማርክዳውን፣ ወደዚያ ቀለል ያለ አጻጻፍ፣ አንገለብጠውም? ይህ በነጥብ በነጥብ የሚጀምር ነገር ዓይን ያደክማል።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦
ወንድሜ፣ መጠየቅህ ጥሩ ነው፣ ግን ቤቱ የእኛ አይደለም። ሰው ቤት ገብተን ግድግዳ አናፈርስም። የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ በ1971 ሲወጣ የተሰናዳው በሮፍ፣ በግሮፍ ቅድመ አያት፣ ነው። አሁን የምናያቸው የማን ማክሮዎች (ቅርጽ የሚሰጡት በነጥብ የሚጀምሩ አጫጭር ትእዛዞች) በ1979 ከሰባተኛው ዩኒክስ ጋር መጡ። አርጅቷል፣ አውቃለሁ። ኔት በሌለበት ማሽን ላይ ማታ የሚደርስልህ ግን እሱው ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርህ፣ ሳያቃጥልህ። መስመር በነጥብ ከጀመረ ግሮፍ ትእዛዝ ነው ብሎ ይወስደዋል። ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል፣ ለምሳሌ ነጥብ ባሽአርሲ፣ ዓረፍተ ነገር መሐል እያለ መስመር ስታስተካክል ድንገት መጀመሪያ ላይ ቢወድቅብህ መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። ውልፍት ብሎ ነው የሚጠፋው፣ ማስጠንቀቂያ ካልጠየቅክ ማንም አይነግርህም።

ገንዘብ ያዥ፦
የእኔ ጥያቄ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። የእነዚህን ፕሮጀክቶች ጊት (የፋይሎቹን ለውጥ የሚይዘውን መዝገብ) ከነታሪኩ እያንዳንዳችን እናውርድ ከተባለ የወር ዳታችን አለቀ ማለት ነው። የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ማውረድም ይቻላል፣ ግን ያኔ ማን ምን ጊዜ ለምን እንደጻፈው አይታይም። እኔ የምለው፣ አንድ ሰው አንዴ ሙሉውን ያውርድ፣ በፍላሽ ይዞ ይምጣ፣ ሌሎቻችን ከፍላሹ ክሎን (ቅጂ) እናድርግ። ጊት እንደሆነ ኔት ካልሆነ ብሎ አያኮርፍም።

ሰብሳቢ፦
ልጆች፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ከዘጌ ስመለስ ጀልባው ቆየብኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። 200 የምትለዋ ግን አልጣመችኝም።

እምቦጭን ታስታውሳላችሁ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቀለ፣ በየዳርቻው ተራራ የሚያክል ተከመረ። ተመልሶ በቀለ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያላ! የቁጥር ዘመቻ እንዲህ ነው። 200 ገጽ አጽድተን ብንልክ፣ የሚቀጥለው ጸሐፊ በሚቀጥለው ሳምንት ያችኑ ሰረዝ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ የሚያነብልን አናገኝም። እናንተው ባለቤት ሁኑና አስቡት፦ የማታውቁት ማኅበር 200 ፓች (የማስተካከያ ፋይል) ቢያወርድባችሁ፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሰረዝ፣ ቦልድ፣ መስመርና ፊደል ተደባልቆ ቢመጣ፣ ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? እኔ አላይም።

እኔ የምፈልገው የምናረጋግጠውን ብቻ እንድንልክ ነው። አሠራሩ ይኸውላችሁ። ምንም ሳትነኩ ገጹን በ80 ዓምድ ስፋት ወደ ጽሑፍ ፋይል አውጡት። ከዚያ አጽዱ። በዚያው ስፋት እንደገና አውጡት። ሁለቱን በዲፍ፣ ልዩነት በሚያሳየው ትእዛዝ፣ አስተያዩ። ልዩነት ከሌለ፣ ጽሑፍ ፋይል ላይ የማይታየውን ቦልድና ኢታሊክም ካልነካችሁ፣ ምንጩን ብቻ ነው ያስተካከላችሁት፣ የሚያነበው ሰው ምንም አልተነካበትም፤ ይህን በድፍረት ጻፉ። ልዩነት ካለ ደግሞ ያ ልዩነት ለብቻው ፓች ይሁን፣ ምክንያቱም ይጻፍለት። ያቺ የነጥቧ ጉድ በዚህ ትያዛለች፣ የጠፋው መስመር ዲፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል፣ ግን የሰረዙ ማስተካከያ ውጤቱን ይቀይራል እኮ። መቀየሩ ነው ዋናው ነገር።

ሰብሳቢ፦
ይቀይር! ለብቻው ይቀይር ነው የምልህ። ሰረዝ ብቻ ያለበት ፓች በአንድ ደቂቃ ይነበባል። ከሌላ ጋር ሲቀላቀል ነው የሚጠላው።

ጸሐፊ፦
እሺ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር የሚለውስ? ብራያን ከርኒሃን በ1974 የመከረው ምክር ነው፣ እስከ ዛሬ የሊኑክስ ማን ፔጅ ፕሮጀክት ይከተለዋል። አንድ ቃል ስትቀይር አንቀጹ በሙሉ ዲፍ ላይ አይታይም፣ የተነካው መስመር ብቻ ነው የሚታየው። እኔ በሁሉም ገጽ ላይ እንዲሠራ ፈልጌ ነበር።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦
ተው በማርያም። የፋይሉን መስመሮች በሙሉ እንደገና ከሰበርካቸው እያንዳንዱ መስመር በአንተ ስም ይመዘገባል፣ ነገ ብሌም የሚያደርግ (መስመሩን ማን እንደጻፈው በጊት የሚያይ) ሰው አንተን ነው የሚያገኘው። ከ2019 ጀምሮ ጊት የተወሰኑ ኮሚቶችን ዝለል ማለት ይችላል፣ ግን ዝለል የሚለውን ማዘጋጀት የባለቤቱ ፈቃድ ነው። ለሌላ ነገር የነካነውን አንቀጽ ብቻ እናስተካክል።

ተርጓሚዋ፦
እኔም ልግባ። ትርጉም ላይ የሠራ እዚህ ያለ አልመሰለኝም። የማን ፔጅ ትርጉሞች ከእንግሊዝኛው ምንጭ ጋር የሚተሳሰሩት አንቀጽ በአንቀጽ ነው። መስመር መስበር ብዙም አይጎዳም፣ የትርጉም መሣሪያው ራሱ ያስተካክለዋል። ቦልዱን ወደ ኢታሊክ ከቀየራችሁ ግን ምንጩ ተቀይሯል ይላል፣ ትርጉሙን አጠራጣሪ ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ተርጓሚው አይቶ እስኪያጸድቀው አንባቢው እንግሊዝኛውን ያያል። ለእናንተ አንዲት ቦልድ ናት። ለጀርመንኛው፣ ለፈረንሳይኛውና ለፖላንድኛው ተርጓሚ ግን ሦስቱም ጋ አዲስ ሥራ ናት። ስለዚህ ለውበት ተብሎ ቦልድ አይነካ። ደንቡ የታወቀ ነው፦ እንዳለ የሚተየበው ቦልድ፣ በራስህ ነገር የምትተካው ኢታሊክ። ይህ ሲጣስ ሰው ይሳሳታል፣ ያኔ ይነካ።

በነገራችን ላይ፣ ለራሳችን የምናዘጋጀውን የአማርኛ መመሪያ በግሮፍ ሞክሬው ነበር። አራት ነጥባችንን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ብሎ አያውቃትም፣ ለእሱ መጨረሻ ማለት የፈረንጅ ነጥብ፣ ጥያቄና ቃለ አጋኖ ነው። ዝም ብዬ ስቄ ተውኩት፣ ይህ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።

ጀማሪው፦
ማንዶክ የሚባለው የማን ፔጅ መሣሪያ ሊንት ያደርጋል (ስህተት ይለቅማል) አሉ። እሱ ያወጣውን ሁሉ እያስተካከልን ብንሄድስ?

ሰርቨር ጠባቂዋ፦
እየው፣ ጠቃሚ ነው፣ ግን አይታዘዙለትም። መስመር ጫፍ ላይ የቀረች ስፔስንም፣ የተሳሳተ ማክሮንም እኩል ይዘረግፍልሃል። መጀመሪያ ማክሮዎቹን ለይ። ስፔሷ ትቆይ፣ ማንንም ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አላስለቀሰችም።

ጸሐፊ፦
በዚህ መሠረት አስተካክዬዋለሁ፦

«ማኅበሩ አባላቱ በየዕለቱ ሥራቸው ላይ ከሚጠቀሙባቸው ማን ፔጆች 12 ይመርጣል። ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ሰው ይመደባል፣ አንዱ ያጸዳል፣ ሌላው የበፊቱንና የኋላውን ውጤት ያስተያያል። ውጤት የማይቀይር ፓችና ውጤት የሚቀይር ፓች አይቀላቀሉም። ሰረዝ ይቀድማል፣ ቦልድና ኢታሊክ የሚነካው አንባቢን ሲያሳስት ብቻ ነው። መጀመሪያ የአንድ ገጽ ፓች ተልኮ ባለቤቶቹ ምን እንደሚሉ ይታያል፣ እነሱ ሳይመልሱ ሁለተኛው አይላክም። የተቀበሉን ፕሮጀክቶች ፈቃዳቸው ከሆነ ሰረዙን የሚይዝ ፍተሻ የሶፍትዌር ግንባታቸው ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን።»

ሰብሳቢ፦
የመጨረሻዋ ጥሩ ናት፣ ዘሩን የምትይዘው እሷ ናት። «ስድስት ወር» የምትለዋን አውጥተሃታል፣ መልሳት። ቀን የሌለው ሥራ የእኛ ማኅበር ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ጸሐፊ፦
ተመልሳለች ጋሼ። ስድስት ወር፣ 12 ገጽ።

ተርጓሚዋ፦
እስማማለሁ። ማስተያየቱን ለእኔ ስጡኝ፣ ማጽዳቱን አልወደውም።

ጀማሪው፦
እኔ ከሰርቨር ጠባቂዋ ጋር ልመደብ? ያቺን የነጥብ ነገር ቤት ሞክሬያት ነበር፣ እውነትም መስመሩ ድራሹ ጠፋ።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦
ና። ላፕቶፕህን ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ግን፣ ቅዳሜ መብራት አይታመንም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሙሉውን ዛሬ ማታ ቢሮ አወርደዋለሁ፣ የእኛው ኔት ሌሊት ይሻላል። ፍላሽ ያላችሁ 16 ጊጋ ከዚያም በላይ ይዛችሁ ኑ። ባለፈው የወሰደብኝ ሰው ደግሞ እባክህን መልስልኝ፣ ስምህን አልጠራም።