የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሶፍትዌርና የማርኬቲንግ ኤጀንሲ ምርጫ፦ የትኛው ይቅደም?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅት የለጋሾቹን መዝገብ እስካሁን የሚይዘው በኤክሴል ነው፤ የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ቦታ ሰፍሮ ስለነበር፣ ለአንድ ለጋሽ በአንድ ሳምንት ሦስት የምስጋና ደብዳቤ ልከናል። አሁን ቦርዱ ሶፍትዌር እንዲገዛና የማርኬቲንግ ኤጀንሲ እንዲቀጠር ወስኗል። አንዱ ኤጀንሲ በፕሮፖዛሉ ላይ ሌላ ክፍያ ሳይጠይቅ ከሚሰበሰበው ገንዘብ 20 በመቶ እንደሚወስድ ገልጿል። የትኛውን ላስቀድም? የኮሚሽኑንስ ነገር እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ 1
ሶፍትዌሩን ያስቀድሙ፤ ከዚያም በፊት ግን የተደጋገሙትን ስሞች ያጽዱ። ሻጩን በመጀመሪያ የምጠይቀው ውሉ ሲያበቃ እንዴት እንደምንለያይ ነው። የስምና የገንዘብ ዝርዝር በፋይል አውጥቶ መውሰድ አያስቸግርም፤ ጣጣው ያለው በየወሩ ከካርዳቸው የሚቆረጥባቸው ለጋሾች ላይ ነው። ክፍያ አስተላላፊው፣ ማለትም ገንዘቡን ከካርዱ ቆርጦ የሚያደርስላችሁ ኩባንያ፣ የካርዱን ቁጥር ራሱ ይዞ ለእናንተ ቶከን የሚባል መለያ ብቻ ይሰጣችኋል፣ ያ መለያ ደግሞ ሌላ አስተላላፊ ዘንድ አይሠራም። እኛ ይህን ሳንጠይቅ ፈርመን፣ ሶፍትዌር ስንቀይር ወርኃዊ ለጋሾቻችንን «ካርዳችሁን እንደገና አስገቡልን» እያልን ለመለመን ተገደድን፤ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ። ስለዚህ የካርድ መረጃው ወደ አዲሱ አስተላላፊ እንደሚዛወር በውሉ ላይ ያስጽፉ።

መልስ 2
ኮሚሽኑን አልቀበለውም። የገንዘብ አሰባሳቢ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ማለትም ኤኤፍፒ፣ በሥነ ምግባር ደንቡ በመቶኛ የሚሰላ ክፍያን ይከለክላል፤ ኤጀንሲው ባይኖርም ይሰጥ ከነበረው ነባር ለጋሽ ላይ ሳይቀር ድርሻ ይቆረጣልና። ለተወሰነ ሥራ የተወሰነ ክፍያ ይስማሙ። የማስታወቂያ አካውንቱም በድርጅታችሁ ስም ይከፈት። ጉግል መስፈርቱን ለሚያሟሉ ድርጅቶች በወር እስከ 10,000 ዶላር የሚያወጣ የፍለጋ ማስታወቂያ በነጻ ስለሚሰጥ፣ ኤጀንሲው ይህንኑ የራሱ ስጦታ አስመስሎ እንዳያቀርብላችሁ ይጠንቀቁ።

መልስ 3
በመለያየቱ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 ብላክባውድ በተባለው የታወቀ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሶፍትዌር ኩባንያ ላይ በደረሰው የሳይበር ጥቃት ከ13,000 በላይ ተቋማት ተነክተዋል፤ በ2023ም ኩባንያው ለ49 የአሜሪካ ግዛቶችና ለዋሽንግተን ዲሲ 49.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ የቀድሞ ደንበኞቹን መረጃ ከሚያስፈልገው በላይ ለዓመታት ማቆየቱ ነበር። እንግዲህ ውሉ በተቋረጠ በስንት ቀን መረጃው እንደሚሰረዝም ይጠይቁ።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። ለሻጮቹ የቶከኑንና የስረዛውን ጥያቄ ዛሬውኑ በጽሑፍ እልካለሁ፤ የኮሚሽኑን ፕሮፖዛል ግን ለቦርዱ ሳላቀርበው እመልሰዋለሁ።