የባህር ማይክሮባዮሎጂ ፒኤችዲ፦ ብሬመን፣ ካውስት፣ ኖርዌይ ወይስ አሜሪካ? (ጥቆማ)

ሰሞኑን ኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ("ፒኤችዲ የት ልሥራ?") ስለሆነ እዚሁ ጠቅልዬ ልመልስ። ባዮሎጂ ወይ ማይክሮባዮሎጂ ጨርሳችሁ በባህር ባክቴሪያ ወይ በውቅያኖስ ኢኮሎጂ ዶክትሬት መሥራት የምታስቡ ልጆች፣ "ባህር ከሌለው አገር መጥቼ ማን ይቀበለኛል" የሚለውን ነገር መጀመሪያ ተዉት። ሻላ ወይ ጪቱ ሐይቅ ላይ ናሙና የወሰደ ሰው እኮ እንደዛ ሶዳ የበዛበት ውሃ ውስጥ የሚኖር ማይክሮብ ላይ ሠርቷል፣ ውሃ ማጣራቱንም ዲኤንኤ ማውጣቱንም ያውቀዋል፣ ያንን ሲቪያችሁ ላይ ከላይ አድርጉት እንጂ ታች አትደብቁት።

ባችለር ብቻ ላላችሁ የኔ አንደኛ ምርጫ ጀርመን ብሬመን ነው። እዛ ያለው የማክስ ፕላንክ የባህር ማይክሮባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ከብሬመን ዩኒቨርሲቲና ብሬመርሃቨን ካለው አልፍሬድ ቬገነር ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ማርሚክ የሚባል ፕሮግራም አለው፣ ማስተርስና ፒኤችዲ የተያያዘበት፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ የትምህርት ክፍያ የሌለው። በዚህ ሙያ ብቻ ተወስኖ የሚሠራ ይሄን የሚያክል ቦታ ብዙ የለም። የሚወስዱት ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ቪዛውም ጊዜ ስለሚበላ ተቀባይነት ባገኛችሁ ቀን ቀጠሮ ፍለጋ ጀምሩ።

ኑሮውን ካያችሁ ደሞ ካውስትን (ሳዑዲ ያለው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ) የሚያህል የለም። ከጂዳ በስተሰሜን ቱዋል ላይ፣ ቀይ ባህር ዳር ነው ያለው፣ በ2009 የተከፈተ። የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፣ ወርሃዊ ገንዘብ፣ ቤት፣ የጤና መድን ይሰጣሉ፣ ከባችለር ቀጥታ ለማስተርስ/ፒኤችዲ ማመልከትም ይቻላል። ቀይ ባህርን በዜና ብቻ ለምናውቀው ደግሞ ሳይንሱ ራሱ ሌላ ዓለም ነው፣ ሙቀትና ጨው የለመደ ኮራል አለ፣ ጥልቁ ላይ ከባህሩ ውሃ በብዙ እጥፍ ጨው ያለው ትኩስ ውሃ የተኛባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ እዛ ውስጥ ማይክሮብ እንዴት እንደሚኖር ማጥናት ዳሎልን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ጉድለቱ፣ ካምፓሱ ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ከተማ ነው፣ የከተማ ግርግር ለሚወድ ሰው ይሰለቻል።

ማስተርስ ከጨረሳችሁ ኖርዌይ ትሻላለች እላለሁ፣ በተለይ በርገን። እዛ ፒኤችዲ ሥራ ነው፣ ተማሪ ሳትሆኑ ተቀጣሪ ናችሁ፣ ደሞዝ አለ፣ ታክስ አለ፣ ጡረታ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ወይ ማስተማር ሲጨመርበት አራት። ማስታወቂያው ጆብኖርጌ የሚባል የሥራ ማስታወቂያ ዌብሳይት ላይ ይወጣል፣ እንደ ማንኛውም ክፍት ሥራ ነው የምትወዳደሩት፣ ስለዚህ ፕሮጀክቱ የሚጠይቀውን ስኪል በትክክል ካላሟላችሁ በ"ተነሳሽነት" ብቻ አትገቡም።

አሜሪካ ማስተርስ አያስገድድም፣ ግን አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል፣ የማመልከቻ ክፍያውም ኪስ ይጎዳል (ዌቨር፣ ማለትም ክፍያው እንዲቀርላችሁ ጠይቁ፣ ማፈር የለም)። ኤምአይቲና ውድስ ሆል የሚባለው የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ከ1968 ጀምሮ አብረው የሚያስተምሩት ፕሮግራም አለ፣ ስሙ ከባድ ነው ፉክክሩም እንደዛው። እኔ ብመርጥ ግን የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ማኖዋ ነው፣ ከ1988 ጀምሮ በየወሩ ገደማ መርከብ እየላኩ አሎሃ የሚባል አንድ የውቅያኖስ ቦታ ላይ ውሃውን ሲለኩ ኖረዋል፣ ይሄን የሚያህል የተጠራቀመ ዳታ ላይ ቲሲስ መጻፍ ማለት ባዶ እጅ አለመጀመር ነው።

ማስተርስ ለሌለው፣ ብሬመንም ላልሞላለት ቤልጅየም ያለውን ኦሽንስ ኤንድ ሌክስ የሚባል የማስተርስ ፕሮግራም እዩት፣ ሐይቅም ስላለበት ለኛ ይመቻል፣ ቭሊር የሚባለውን የቤልጅየም ስኮላርሺፕ መስፈርት በዛው ቼክ አድርጉ።

ኢሜይሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይወድቃል። "ዲር ሰር፣ አይ አም ሃይሊ ሞቲቬትድ" ብሎ ለሃያ ፕሮፌሰር መበተን መልስ አያመጣም። በስማቸው ጥሯቸው፣ በቅርብ ያወጡትን አንድ ጽሑፍ አንብባችሁ የቱ ሙከራ እንደሳባችሁ በሁለት መስመር ጻፉ፣ ቀጥሎ በእጃችሁ የሠራችሁትን ንገሯቸው፣ "ከሐይቅ ውሃ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አጣርቼ 16ኤስ ሠርቻለሁ" ዓይነት (16ኤስ ባክቴሪያ የሚለይበት ጂን ነው)፣ ከዛ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታና ፈንድ እንዳላቸው ጠይቁ፣ አለቀ። ሲቪ አንድ ፒዲኤፍ፣ ትራንስክሪፕት ሲጠይቁ።

አንዷ እህታችን "መርከብ ላይ መውጣት ግዴታ ነው ወይ፣ ጣና ላይ እንኳን ያዞረኛል" ብላኝ ነበር። የግድ አይደለም የኔ እመቤት፣ ብዙው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ አር ወይ ፓይተን የሚባሉትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ልመዱ። ታራ ኦሽንስ የሚባለው የውቅያኖስ ምርምር ጉዞ መርከብ ከ2009 እስከ 2013 ዓለምን ዞሮ የሰበሰበው የጂን ዳታ በነፃ ይወርዳል፣ ሙሉውን የሚሸከም ኢንተርኔት የለንም፣ ግን የተወሰኑ ናሙናዎች አውርዶ አንድ ግራፍ መሥራት ይቻላል፣ ያንን ግራፍ ኢንተርቪው ላይ ስታሳዩ ወሬው ይቀየራል።

ደግሞ ለኤጀንት ብር አትክፈሉ፣ ከላይ ያልኳቸው በሙሉ ዌብሳይታቸው ላይ በራሳችሁ የምትሞሉት ናቸው። ሃይፋና ኤይላት ስላሉት የጠየቃችሁኝ እስራኤል ያላችሁ ልጆች፣ ኤይላት ላይ ቀይ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲዎቹ በጋራ የሚጠቀሙበት የባህር ሳይንስ ኢንስቲትዩት አለ፣ ምዝገባው በየዩኒቨርሲቲያችሁ በኩል ነው።