ሴሊያክ ላለባት እንግዳ ንጹሕ ጤፍ የት ላስፈጭ?

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ለባህል ልውውጥ ቤታችን ከሚያርፉት የውጭ እንግዶች አንዷ ሴሊያክ አለባት። ይህ የምግብ ምርጫ ሳይሆን በሽታ ነው፤ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን በጥቂቱም ቢሆን አንጀቷን ይጎዳል።

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ የፎገራ ሩዝ ቢቀላቀልበትም አያሰጋም። ጭንቄ ወፍጮው ነው። ቀድሞ የተፈጨ ስንዴ ድንጋዩ ላይና መውረጃው ውስጥ ይቀርና ከእኛ ዱቄት ጋር ይወርዳል። ሽሮና በርበሬውም የሚፈጩት እዚያው ሰፈር ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን ለሌላ ማዋል ይረዳል፤ ግን አያስተማምንም።

እርሾውን እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ ያለው ከድብልቅ ሊጥ የመጣ ነው። ቡሃቃውና የምጣድ ማሰሻው ጨርቅም አዲስ ይሆናሉ። ጠላ አይቀርብላትም፣ ብቅል አለበት፤ ጠጅ ግን ይሆናል። የቡና ቁርሱም በገብስ ቆሎ ፈንታ ፈንድሻ ነው። ዳቦ የነካ እጅ እንዳያጎርሳት ለጎረቤቶች ቀድሜ እነግራለሁ፤ ጉርሻ መከልከል ቅር እንዳያሰኛቸው በጣም እሰጋለሁ።

ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ የምታውቁ አላችሁ? ከሌለስ፣ ድንጋዩ ተወቅሮ እንደተጠረገ በመጀመሪያ ተራ ማስፈጨት ይበቃ ይሆን? ሃያ አምስት ኪሎ ነው የሚፈጨው።