ሁለት ደብልዩ ቱ ይዞ የታክስ ሰንጠረዡን መክፈት

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁም ከሜሪላንድ። እኔና ባለቤቴ የአሜሪካን የ2024 የፌዴራል ታክስ ለሰው ሳንሰጥ ራሳችን ልንሠራ ተቀምጠናል። እሱ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፣ ደብልዩ ቱው (አሠሪ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ ጽፎ የሚሰጠው ወረቀት) ላይ 41,860 ዶላር አለ። እኔ ነርሲንግ ሆም ነኝ፣ የእኔ 38,515 ነው። ሌላ ገቢ የለንም፤ የ9 ዓመት ልጅ አለችን። ሁለቱን ስደምር 80,375 መጣ። ሰንጠረዡን ከፍቼ በባልና ሚስት ዓምድ ስፈልግ 9,181 ይላል! ከሁለታችን ዓመቱን ሙሉ የተቆረጠው 1,266 እና 932 ብቻ ነው። ወደ 7 ሺህ ዶላር ልንከፍል ነው ማለት ነው? ባለቤቴ «አንቺ ሥራ ባትጀምሪ ይሻለን ነበር» ማለት ጀምሯል። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ አይዞሽ። 9,181 የእናንተ ታክስ አይደለም። ሰንጠረዡን ያነበብሽው በትክክል ነው፤ ይዘሽው የገባሽው ቁጥር ነው ልክ ያልሆነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚሁ ደመወዛችንን ደምሬ ገብቼበት ደንግጬ ስለነበር ስሜትሽ በደንብ ይገባኛል።

ሰንጠረዡ የሚጠይቀው ደመወዝን ሳይሆን ታክስ የሚከፈልበትን ገቢ ነው። ቴን ፎርቲው (ዋናው የታክስ ማስገቢያ ቅጽ) ላይ መስመር 15 ነው። ከዚያ በፊት መስመር 12 ላይ ስታንዳርድ ዲዳክሽን፣ ማለትም ታክስ የማይከፈልበት የተወሰነ ቅናሽ፣ ይቀነሳል፤ በጋራ ለሚያስገቡ ባልና ሚስት የ2024ቱ 29,200 ዶላር ነው። ስለዚህ 80,375 ሲቀነስ 29,200፣ 51,175 ይቀራችኋል። ሰንጠረዡን በዚህ ቁጥር ክፈችው።

አሁን ማስመሪያ አምጪ። እኔ እስከ ዛሬ ያለ ማስመሪያ አላነበውም፣ ዓይን አንድ መስመር ይስታል። በግራ በኩል ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው «ቢያንስ»፣ ሁለተኛው «ከዚህ ያነሰ» ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር የ50 ዶላር ስፋት አለው። የእናንተ ከ51,150 ጀምሮ ከ51,200 በታች የሚለው ነው። ገቢያችሁ ልክ 51,200 ቢሆን ኖሮ ወደሚቀጥለው መስመር ትወርዱ ነበር። ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አድርጊና ወደ ቀኝ ሂጂ። አራት ዓምድ አለ፤ ያላገባ፣ አግብቶ በጋራ የሚያስገባ፣ አግብቶ ለየብቻ የሚያስገባ፣ የቤተሰብ ኃላፊ። ሁለተኛው የእናንተ ነው። 5,677 ይላል። መስመር 16 ላይ የሚጻፈው እሱ ነው።

ዓምዱ ላይ ተጠንቀቂ። በዚያው መስመር «ያላገባ» የሚለውን ብታነቢ ከ600 ዶላር በላይ ይጨምርብሻል። እኛን አንድ ታክስ ሠሪ ባለቤቴን ያላገባ አድርጎ አስገብቶት፣ ጥፋቱ የታወቀን በዓመቱ ነው። በማስተካከያው ቅጽ፣ በቴን ፎርቲ ኤክስ፣ እስክናስተካክለው ብዙ ወራት ሄዱ። ባልም ሚስትም የሚፈርሙበት ወረቀት ስለሆነ፣ ከተፈረመ በኋላ ዕዳውም የሁለታችሁ ነው። አንዱ ለአንዱ ትቶት አይፈርም፤ እህቶቼ በተለይ ይህን አደራ እላችኋለሁ። አንብባችሁ ፈርሙ።

ከ5,677 ላይ ስለ ልጅሽ ለ2024 የ2,000 ዶላር ክሬዲት (ከታክሱ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ) አለ፤ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ካላትና ከእናንተ ጋር ከኖረች። 3,677 ይቀራል። ከሁለታችሁ የተቆረጠው 2,198 ነው። ስለዚህ ያልተከፈለው 1,479 ዶላር ነው። ከ7 ሺህ ወደ 1,479 ወረደ ማለት ነው።

አሁንም መክፈላችሁ ግን አይቀርም። ለምን? ባለቤትሽ ያላየው ይህን ነው። የእሱ አሠሪ የሚያውቀው የእሱን 41,860 ብቻ ነው። ደብልዩ ፎሩ (ከደመወዝ ምን ያህል ታክስ እንደሚቆረጥ ለአሠሪው የሚነግረው ቅጽ) ላይ «አግብቶ በጋራ» የሚል ሲያይ 29,200ውን በሙሉ ከእሱ ደመወዝ ያነሳል፤ 12,660 ይቀራል፤ 10 በመቶው 1,266። የአንቺም አሠሪ ስለ ባልሽ ደመወዝ ምንም አያውቅም፤ ያንኑ 29,200 እንደገና ከአንቺ ያነሳል፤ 9,315 ይቀራል፤ 10 በመቶው 932። አንዱ ቅናሽ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ። የ2024ቱ የ10 በመቶ እርከንም የሚቆመው በጋራ 23,200 ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ አሠሪዎች ለእያንዳንዳችሁ ሙሉውን ሰጧችሁ። ሰንጠረዡ ግን ሁለታችሁን እንደ አንድ ቤት ነው የሚያያችሁ።

መፍትሔው ደብልዩ ፎር ላይ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለችው ትንሽ ሳጥን ናት፤ ሁለት ሥራ ላላቸው ጥንዶች የተቀመጠች። እሷን ሁለታችሁም ምልክት አድርጉ፣ አንዳችሁ ብቻ ብታደርጉ አይበቃም። ያኔ እያንዳንዱ አሠሪ ግማሹን፣ በ2024ቱ ቁጥር 14,600 ብቻ፣ ያነሳል። በእናንተ ደመወዝ ሠራሁት፤ ከእሱ 3,039፣ ከአንቺ 2,638 ይቆረጥ ነበር። ድምሩ 5,677፣ ልክ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር። የልጅሽ 2,000 ሪፈንድ ሆኖ ይመለስላችሁ ነበር። የሁለታችሁ ደመወዝ ስለሚቀራረብ ይህ ሳጥን ለእናንተ በደንብ ይሠራል።

«ሥራ ባትጀምሪ ይሻል ነበር» ለሚለው፣ ይህን ለባለቤትሽ አሳዪው። እሱ ብቻውን ቢሠራ የሰንጠረዡ ታክስ 1,266 አካባቢ ነበር። አንቺ ስትጨመሪ 5,677 ሆነ። የአንቺ 38,515 ያመጣው ታክስ 4,411 ገደማ ነው። ለጡረታና ለሕክምና የሚቆረጡት ሶሻል ሴኪዩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ ቢወስዱም፣ የሜሪላንዱ ታክስና ሌሎች ክሬዲቶች ሳይቆጠሩ፣ ከ31,000 ዶላር በላይ ቤታችሁ ገብቷል። ከፍ ያለው የታክስ እርከን የሚነካው ከእርከኑ መነሻ በላይ ያለውን ገንዘብ ብቻ እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም አይበላም። በዚህ አሉባልታ ምክንያት ትርፍ ሰዓት እንቢ ያሉ፣ ሚስታቸውን ከሥራ ያስቀሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

1,479ኙን እስከ ኤፕሪል 15፣ 2025 ክፈሉ። ገንዘቡ ባይኖራችሁ እንኳ ወረቀቱን በቀኑ አስገቡ፤ ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት በወር 5 በመቶ ሲሆን አስገብቶ ባለመክፈል የሚመጣው ግን ግማሽ በመቶ ነው። በየወሩ ለመክፈል ከአይ አር ኤስ (የአሜሪካ ፌዴራል ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ጋር መስማማት ይቻላል። ያልተከፈለው ከ1,000 ስለሚበልጥ «ቀድሞ አልተቆረጠም» የሚል ትንሽ ቅጣት ሊኖር ይችላል። የ2023 ጠቅላላ ታክሳችሁ ከ2,198 የማይበልጥ ከነበረ ግን እሱም የለም። የሜሪላንዱ ታክስ ለብቻው ነው፤ እሱን ለማስላት የፌዴራሉን ሰንጠረዥ አትጠቀሚ።

ከዳላስ፦

ወንድም ወይም እህት፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ ያገባሁት ጥር 2016 ነው። ባለቤቴ እስካሁን እዚያው ናት፣ ፕሮሰሱ አላለቀም። ሥራ የላትም። «እዚህ ስለሌለች ያላገባ ብለህ አስገባ» ተባልኩ። የእኔ ገቢ 52,000 ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦

እህትህ ነኝ። እንኳን ደስ አለህ። የተባልከው ግን ትክክል አይደለም። የሚታየው ዲሴምበር 31 ቀን ባለትዳር መሆንህ ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 22። ሠርግህ ጥር 2017 ቢሆን ኖሮ ለ2024 ያላገባህ ነበርክ። ጥር 2016 ስለሆነ ግን ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ባለትዳር ነህ።

ያለህ ምርጫ ሁለት ነው። ለየብቻ ብለህ ብታስገባ 14,600 ተቀንሶ 37,400 ይቀራል፤ ሰንጠረዡ 4,259 ይላል። በጋራ ለማስገባት ደግሞ ባለቤትህን እንደ አሜሪካ ነዋሪ ለመቁጠር መምረጣችሁን የሚገልጽ፣ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ጽሑፍ ከወረቀቱ ጋር ይያያዛል። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ስለሌላት ደብልዩ ሰቨን በሚባል ቅጽ የታክስ ቁጥር ይጠየቅላታል። ያኔ 29,200 ተቀንሶ 22,800 ይቀራል፤ ታክሱ ወደ 2,280 ይወርዳል። ወደ 2 ሺህ ዶላር ልዩነት አለው። ግን እወቅ፣ በጋራ ካስገባችሁ አዲስ አበባ የምታገኘው ገቢ ሁሉ እዚህ ይጻፋል። አሁን ሥራ ስለሌላት አያስቸግርም፤ ከጀመረች ንገረን፣ አብረን እናየዋለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ ማስመሪያ የልጄን ቦርሳ ፈትሼ አገኘሁ። መስመሩን ባለቤቴ ራሱ በጣቱ ተከትሎ 5,677 ላይ ቆመ። ከዚያ 31,000ውን ሁለት ጊዜ አስላው። ደብልዩ ፎሩን ሰኞ ይዞ ይሄዳል፣ የእኔን ዛሬ ሞልቼዋለሁ።